ያልነበረ ጣት፦ የእቴቴ ስልክ የድምፅ ቁልፍ ቅየራ

የአክስቴ ስልክ መጀመሪያ የያዘው ሕመም ዝምታ ነው። ይጠራል። አንዴ «ጢ» ይልና ጭጭ። ጥሪው አልተዘጋም፤ ደዋዩ ጆሮ ላይ እየጠራ ነው። እሷ ጋ ግን ድምፅ የለም። ስክሪኑ ይበራል፤ ከሽርጥ ኪስ ውስጥ ደግሞ ማን ያየዋል?

እቴቴ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ጠዋት ጠዋት ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣ ሻይ ታፈላለች። ግማሹ ሥራዋ በስልክ ነው። ከየሱቁ «አስር ሳምቡሳ፣ አራት ሻይ» ይሏታል፣ ልጅ ትልካለች፣ ብሩ በቴሌብር ይገባል። ስልኩ ዝም ማለት ሲጀምር ደንበኛው አኮረፈ። «አቦ እቴቴ፣ ሀብታም ሆንሽ መሰለኝ፣ ስልክ ማንሳት ተውሽ!» ይሏታል። እሷ ኔትወርኩን ትራገማለች። እኔም ሳምንቱን ሙሉ «ኔትወርክ ነው» እያልኩ አለፍኩት። ቀድሜ አንድ አምስት ደቂቃ ብቀመጥበት ኖሮ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር።

ሞባይል ሰሪ አይደለሁም። ቀን ቀን የሒሳብ መዝገብ ነው የምይዘው። ከዚያ በፊት ከፍቼ የማውቀው ሬዲዮና የእህቴን የፀጉር ማድረቂያ ብቻ ነው፤ የፀጉር ማድረቂያው አልተነሳም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደ ፊት የምሠራቸው ስህተቶች እንዳይገርሟችሁ ነው።

ምልክቶቹ

ከዝምታው በኋላ ሌላ ሌላው ተከተለ። የድምፁ መስመር ማንም ሳይነካው ስክሪኑ ጥግ ላይ ብቅ ይልና እየወረደ፣ እየወረደ ዜሮ ይገባል። ካሜራ ከፍታ የልጇን ልጅ ልታነሳ ስትል፣ ጣቷ ገና ሳያርፍ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። የሕፃኑ አሥራ አንድ ፎቶ፣ ሁሉም የአንድ ጉልበት ምስል።

አንድ ቀን ባትሪው አለቀና ጠፋ። ቻርጅ አድርጋ ስታበራው ሌላ ስልክ ሆኖ ተነሳ። ያወረደችው አፕ ሁሉ ወይ ጠፍቷል ወይ ደብዝዟል። ቴሌብር አይከፈትም። ከስክሪኑ ታች በግራ በኩል «ሴፍ ሞድ» የሚል ጽሑፍ ተቀምጧል። ያን ቀን ደንበኛ ሁሉ «ላክሁልሽ እኮ» ይላታል፣ እሷ መግባቱን የምታይበት የላትም። በ*127# ሒሳቧን ማየት እንደምትችል የነገርኳት ማታ ነው። አፑ ባይከፈትም እሱ ይሠራል፤ መደወል እስከቻለ ድረስ ማንኛውም ቀፎ ይበቃዋል።

በማግስቱ ለኔ ሳትነግር ጥገና ቤት ወሰደችው። ልጁ አየት አደረገና «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ያስፈልገዋል» አላት። 400 ብር ከፈለች። ስልኩ ታጥቦ፣ ባዶውን ወጣ። ስልክ ቁጥሮቹ የተቀመጡት ስልኩ ላይ እንጂ ሲሙ ላይ አልነበረም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የዱቤ ደብተሯን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ ነበር የምታስቀምጠው፤ ደብተሩ ዘይት ስለሚጠጣ። ያ ሁሉ ሄደ።

ስልኩ ቤት ሳይደርስ፣ ባጃጁ ውስጥ እያለች፣ ራሱን ዝም አሰኘ።

ሁለተኛው ቤት «ቦርዱ ነው፤ 2,500 ብር። ግን እቴቴ፣ አዲስ ብትገዢ ይሻልሻል» አላት። ያኔ ነው ወደ ሳቢያን፣ ወደኔ ቤት፣ በመሐረብ ጠቅልላ ያመጣችው። «ይኸው፣ አንተ ነገር ትፈታታለህ አይደል» አለችኝ። ሙገሳ ይሁን ስድብ አልገባኝም።

አንድ ወረቀት፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ

ስልኩን ከመንካቴ በፊት ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ። የሒሳብ ሰው ልማድ ነው፤ ቁጥር ሳይሰለፍ አይገባኝም። ጋለሪውን ስከፍት ደግሞ አዲስ ነገር አገኘሁ። ፎርማት ከተደረገ አራት ቀኑ ነው። ጋለሪው ውስጥ ግን የተቆለፈ ስክሪን ምስል ተደርድሯል። ያው ሰዓት፣ ያው ጀርባ፣ ደግሞ ያው ሰዓት። ስድሳ ምናምን ስክሪንሹት። እቴቴ ስክሪንሹት ምን እንደሆነ አታውቅም።

ይኼኔ ነው የበራልኝ። አንድሮይድ ላይ ስክሪንሹት የሚነሳው ማብሪያውና ድምፅ መቀነሻው አንድ ላይ ሲጫኑ ነው። እሷ ማብሪያውን ብቻ ነው የምትጫነው። ታዲያ ሁለተኛውን የሚጫነው ማነው?

ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ። ስልክ ሲጠራ የድምፅ ቁልፍ ከነካህ ጥሪው ሳይዘጋ ዝም ይላል። ካሜራ ክፍት ሆኖ የድምፅ ቁልፍ ስትጫን በብዙ ስልኮች ፎቶ ያነሳል። ስልኩ ሲነሳ ድምፅ መቀነሻውን ይዘህ ከቆየህ ሴፍ ሞድ ውስጥ ይገባል፤ በአንዳንዱ ሞዴል ሌላ ጥቁር ሜኑ ይመጣል። ሴፍ ሞድ ደግሞ ሆነ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ችግር ያለበት አፕ ካለ እንዲለይ ራስህ ያወረድካቸውን ሁሉ ያስተኛቸዋል። ቴሌብር የጠፋው ለዚህ ነው። አምስት በሽታ መስሎን የነበረው አንድ ቁልፍ ነው። ስልኩ ጤነኛ ነበር፤ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ችግሩ የሚያዘው ጣት የለም።

ፎርማቱ ለምን እንዳልሠራም ከዚሁ ይገባል። ፎርማት ውስጡን ያጥባል እንጂ ጎኑ ላይ የተጣበቀ ቁልፍ አይነቅልም።

አንድ ነገር ልጨምር። የሞተ ቁልፍና የተጣበቀ ቁልፍ አንድ አይደሉም። የሞተ ቁልፍ ይዘህ ዓመት ትኖራለህ። ከሴቲንጉ የተደራሽነት ክፍል ውስጥ ገብተህ ድምፅና መቆለፊያ ስክሪኑ ላይ በምልክት እንዲመጣልህ ማድረግ ይቻላል። ለተጣበቀው ግን ይኼ ምንም አይፈይድም። አንተ በስክሪኑ ትጨምራለህ፣ እሱ ከጎን ይቀንሳል።

ምክንያቱን ማጥበብ

መጀመሪያ ከቨሩን አወለቅኩ። ጠባብ የሲሊኮን ከቨር ራሱ ቁልፍ ተጭኖ ሊይዝ ይችላል። አልተለወጠም። ቀጥሎ ስልኩን መስታወት ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኛሁት፤ ይወዛወዝ እንደሆነ። ባትሪ ሲያብጥ ጀርባውን ይገፋል፣ ያበጠ ባትሪ ያለው ስልክ ደግሞ የኔ ቢጤ ሰው የሚከፍተው አይደለም። ቀጥ ብሎ ተኛ። ተመስገን።

ከዚያ አጠፋሁትና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ከፋርማሲ በገዛሁት አልኮል ነክሬ የቁልፉን ዙሪያ አሸሁት። ብሩሹ ቡናማ ሆኖ ወጣ። አሸተትኩት፤ ሻይ። ስኳር የበዛበት የእቴቴ ሻይ። አደረቅኩትና አበራሁት፤ ሠራ! ሁለት ቀን ሙሉ ሠራ። እቴቴ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ሠራልኝ» ብላ አወራች። በሦስተኛው ቀን፣ ያ የግንቦት ፀሐይ አናት ላይ ሲቆም፣ ስልኩ ተመልሶ ዝም አለ።

ጎረቤቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ባቡር ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማው ራሱ የተቆረቆረው በሱ ነው። ጋሼ ዛሬም «ሽምንደፈር» ነው የሚሉት። ታሪኩን ስነግራቸው ስልኩን እንኳ አላዩትም። «ቀን ነው ማታ የሚብስበት?» አሉኝ። «ቀን።» «ስትይዘው ነው ስታስቀምጠው?» «ስትይዘው፣ እጇ ሲያልበው።» «ታዲያ ውኃ ነው የሚያገናኘው» አሉና የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተራቸውን ከቁም ሳጥን አውጥተው ሰጡኝ። ሽቦው በፕላስተር ተጠግኗል። ይሠራል ግን።

እዚህ ላይ ቁልፉ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ይጠቅማል። ከውጭ የምንጫነው ፕላስቲክ ቆብ ብቻ ነው። ከኋላው ፍሌክስ የሚባል፣ እንደ ፊልም የሚተጣጠፍ ቡናማ ስስ ገመድ ይተኛል። ፍሌክሱ ላይ፣ ከየቁልፉ ቆብ ኋላ፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ስዊች አለች። በውስጧ እንደ ጠርሙስ ክዳን ወደ ላይ ያበጠች ስስ ብረት ተቀምጣለች። ስትጫናት ትሰምጣለች፣ «ጠቅ» ትላለች፣ ሁለት መስመር ታገናኛለች። ስትለቃት ትነሳለች፣ መስመሩ ይለያያል። ስልኩ የሚያውቀው ይህንኑ ነው፤ ተገናኙ ወይስ አልተገናኙም። ጣት ያገናኘውም ጨውና ስኳር ያለበት እርጥበት ያገናኘውም ለሱ አንድ ነው። በላብ ላይ ያለው ጨው መዳቡን ቀስ እያለ ይበላዋል፤ አረንጓዴ ዝገት ያበቅላል። እዚያ ከደረሰ ብሩሽ የሚሰጥህ የሁለት ቀን እፎይታ ነው።

በእቴቴ ስልክ ላይ ድምፅ መጨመሪያው፣ መቀነሻውና ማብሪያው ሦስቱም አንድ ፍሌክስ ላይ ናቸው። ማብሪያውን ስትጫን ፍሌክሱ ትንሽ ይተጣጠፋል፣ የቆሸሸው ጎረቤቱም አብሮ ይነካል። ስድሳ ምናምን ስክሪንሹት እንዲያ ነው የተሰበሰበው።

ታይዋን

መለዋወጫ ፍለጋ ታይዋን ሄድኩ። ድሬ የማያውቅ አንባቢ እንዳይደናገር፣ ታይዋን የኤሌክትሮኒክስ ገበያችን ስም ነው፤ ፓስፖርት አያስፈልግም። የስልኩን ስም ተናገርኩ፣ ልጁ ከላስቲክ ከረጢት ውስጥ አንድ ፍሌክስ መዞ ሰጠኝ፣ 300 ብር ከፈልኩ፣ ወጣሁ። በአሥር ደቂቃ ያለቀ ነገር ጥሩ ሆኖ አያውቅም።

ቤት ገብቼ ያንኑ ሞዴል ሲፈታ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈትኩ። እግረ መንገዴን ላየው የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ ቁልፎቹ ፍሌክስ ላይ ናቸው ወይስ በቀጥታ ቦርዱ ላይ የተበየዱ? ቦርዱ ላይ የተበየዱ ቢሆኑ ኖሮ እዚያው ላይ እተወው ነበር። ካውያና ማጉያ ያለው፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ሥራ ነው። በቪዲዮው ላይ ፍሌክስ ነው፤ በመሰኪያ ይነቀላል፣ በመሰኪያ ይሰካል። ደስ አለኝ። ከዚያ የገዛሁትን አጠገቡ አደረግኩት። መሰኪያው በተቃራኒው ጎን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያው ስም ያለው ስልክ ሁለትና ሦስት ዓይነት ሆኖ ይወጣል። ጀርባው ላይ የተጻፈው የሽያጭ ስም አይለየውም። የሚለየው ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ስልኩ» ስትል የሚመጣው የሞዴል ቁጥር ነው፤ እስከ መጨረሻዋ ፊደል። በማግስቱ ቁጥሩን በወረቀት፣ የፍሌክሱን ቅርጽ ደግሞ ከቪዲዮው በፎቶ ይዤ ተመለስኩ። ማጣበቂያው ላይ ያለችውን ስስ ወረቀት ስላላነሳኋት ልጁ ቀየረልኝ። «ብትልጠው ኖሮ ወላሂ አልመልስም ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። ቢ-7000 የሚባለውን የስልክ ሙጫም ጨመርኩ፣ 150 ብር።

እሑድ ንጋት

ድሬ ላይ ስልክ መፍታት አንድ ችግር አለው፤ ቬንትሌተር። ካልከፈትክ ላብህ ስልኩ ውስጥ ይንጠባጠባል። ከከፈትክ ከሩዝ የምታንስ ብሎን ታበርራለች፣ አቧራም ታመጣለች። ስለዚህ ሥራውን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ አደረግኩት፤ በዚያ ወር ድሬ ሰው የምትሆንበት ሰዓት እሱ ብቻ ነው። እሑድ ስለሆነ እቴቴ ሳምቡሳ የላትም። ቡናዋን አቅርባ አጠገቤ ቁጭ አለች። አዛን ሲል ስልኩ ገና አልተከፈተም ነበር።

ያለኝ መሣሪያ ይኼ ነው። ከታይዋን የገዛኋት ትንሽ ካቻቪቴ፣ የእህቴ ወረንጦ፣ አሮጌ የሲም ካርድ ተነቅሎ የቀረው ፕላስቲክ፣ የጋሼ ቴስተር፣ አልኮል፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ሙሉ ወረቀት። የሲም ፕላስቲኳን አትናቁ። ስስ ናት፣ ጠንካራ ናት፣ ብረት ስላልሆነች ባትሪ አትወጋም።

ባትሪውን ቀደም ብዬ ከሩብ በታች እስኪሆን አስጨርሼዋለሁ። የሊቲየም ባትሪ ሙሉ ሆኖ ከተወጋ እሳት ነው፤ ወደ ባዶ ሲቀርብ ጉዳቱ ይቀንሳል። ስልኩን አጠፋሁ። የሲም ትሪውን አወጣሁ። ይህን ረስተው ጀርባ ሲያነሱ ትሪ የሚሰብሩ ብዙ ናቸው፣ እኔም በቪዲዮው ባላይ እረሳው ነበር።

የጀርባው ጠርዝ ላይ የፀጉር ማድረቂያ ሁለት ደቂቃ ያህል አዞርኩ፤ የጎረቤት ማድረቂያ ነው፣ የእህቴ እንደነገርኳችሁ ነው። ሙጫው ለሰለሰ። ፕላስቲኳን አስገብቼ ቀስ ብዬ ስገፋ ጥርሶቹ አንድ በአንድ ጠ፣ ጠ፣ ጠ እያሉ ለቀቁ። እያንዳንዱ «ጠ» በሚልበት ጊዜ እቴቴ «ወይኔ» ትላለች። ጀርባውን ግን ወዲያው ብድግ አላደረግኩትም። የጣት አሻራ ማንበቢያው ጀርባው ላይ ነው፤ በአንዲት ክር በምታክል ገመድ ከቦርዱ ጋር ታስሯል። እንደ መጽሐፍ በጎን ከፈትኩት፣ መሰኪያዋን በጥፍሬ አነሳሁ፣ ከዚያ ነው የለየሁት።

ወረቀቱ የመጣው ለብሎኖቹ ነው። የስልኩን ቅርጽ ሳልኩ፣ እያንዳንዷን ብሎን ከተነቀለችበት ቦታ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ። ቁጥራቸው አሥራ አራት። ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ሁለቱ ይረዝማሉ። ረጅሟን ከአጭሯ ቀዳዳ ብታስገባት ቦርዱን ትበሳለች፤ ያን ጊዜ «ቦርዱ ነው» ያለው ሰውዬ ልክ ይሆናል።

ሽፋኑን ካነሳሁ በኋላ ከሁሉ በፊት የባትሪውን መሰኪያ ነቀልኩ፤ በጥፍር፣ በካቻቪቴ አይደለም። ከዚህ በኋላ ስልኩ ዕቃ ነው፣ ኤሌክትሪክ የለውም።

ፍሌክሱ ከጎን ግድግዳ ጋር በስስ የብረት መቀርቀሪያ ተጣብቆ ነው የተቀመጠው። መቀርቀሪያውን ወደ ላይ ሳብኩ፣ ፍሌክሱን በወረንጦ ከጫፉ ይዤ ላጥኩት። የቁልፉ ቆብ ጠብ ብሎ ጨርቁ ላይ ወደቀ።

የሌላ ስልክ ካሜራ አቅርቤ አየሁት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቆቡ ሆድ ላይ ሊጥ ነበር። እውነተኛ ሊጥ፤ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሻይ ተቦክቶ የደረቀ፣ እንደ ሳምቡሳ ጠርዝ የተጠቀለለ። ከሱ ስር የድምፅ መቀነሻዋ ስዊች ዙሪያዋን ቡናማ ማር በመሰለ ነገር ተከባለች። በአንደኛዋ እግር ላይ አረንጓዴ ነጥብ፤ የመርፌ ጫፍ ታክላለች። መጨመሪያዋ ደግሞ አጠገቧ፣ ግማሽ ጣት እንኳ ሳትርቅ፣ እንደ አዲስ ታበራለች። እቴቴ አይታ ሳቀች። «የኔ ሊጥ ነው» አለች።

የቴስተሩ ጫፎች ስለወፈሩ መርፌ አሰርኩባቸው። መጨመሪያዋን ለካሁ፤ ምንም። ተጫንኳት፤ ቢፕ። ለቀቅኳት፤ ዝም። ጤነኛ ማለት ይኼ ነው። መቀነሻዋን ለካሁ፤ ሳልነካት ቁጥር ያሳያል፣ መስመሩ በትንሹ ያስተላልፋል። ጠጋ ብዬ «ሃ» ብዬ ተነፈስኩባት። ቁጥሩ እየተንሸራተተ ወረደ። እርጥበት ሲነካት በደንብ ማስተላለፍ ጀመረች። ጋሼ ስልኩን ሳያዩ ያሉት ይኼንኑ ነው።

መግጠም፣ መደንገጥ

የቁልፉን ቆብ በሞቀ ውኃና በሳሙና አጠብኩ፣ በደንብ አደረቅኩ። የተቀመጠበትን ስንጥቅ በአልኮል ጠረግኩ። ከፋርማሲ የሚገዛው አልኮል ውኃ ስላለው ለመድረቅ ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ቡና ጠጥቼ ጠበቅኩ። ከቆቡ ስር ያለችውን ትንሽ ጎማ እንዳልጥላት ተጠነቀቅኩ። እሷ ከሌለች ወይ ውኃ ይገባል ወይ ቁልፉ ይላላል።

አዲሱን ፍሌክስ ወረቀቱን ልጬ አስቀመጥኩ፣ መቀርቀሪያውን መለስኩ። ሦስቱንም ከውጭ ተጫንኩ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። መሰኪያውን ጫንኩት። ባትሪውን ሰካሁ። ማብሪያውን ያዝኩ።

ምንም።

አሥር ሰከንድ ያዝኩ። ምንም። ሃያ። እቴቴ ስኒውን አስቀመጠች። «ገደልከው?» አለችኝ፤ በለሆሳስ፣ እንደ ለቅሶ ቤት። ላቤ መጣ፤ በዚያ በንጋት አየር። 2,500 ብሩ፣ የዱቤው ደብተር፣ የእህቴ የፀጉር ማድረቂያ፣ ሁሉም ባንዴ ታየኝ።

ቻርጀር ሰካሁ። ስክሪኑ ላይ የባትሪ ምልክት መጣ።

ያ ምልክት ብዙ ነገር ይናገራል። ቦርዱ አለ፣ ስክሪኑ አለ፣ ባትሪው አለ። የማይሠራው የማብሪያ ቁልፉ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው አሁን በገጠምኩት ፍሌክስ ላይ ነው። ባትሪውን መልሼ ነቀልኩና የፍሌክሱን መሰኪያ በካሜራው አየሁት። በአንድ ጎኑ ገብቷል፣ በሌላው ጎኑ እንደ ተንጋደደ ክዳን ተነስቷል። አነሳሁት፣ አስተካከልኩት፣ በጣቴ ስጫነው ይኼኛው በትክክል «ጠቅ» አለ። የፊተኛው ድምፅ አልነበረውም፤ ያኔ ነው ያስታወስኩት።

ስልኩ ተነሳ። «ሴፍ ሞድ» የሚል ነገር የለም። ቴሌብር ቦታው ላይ ነው። በሌላ ስልክ ደወልኩለት፤ እስኪበቃው ጮኸ። ካሜራ ከፍቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት፤ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ጣሪያውን አየ። ይህን ሁሉ ያደረግኩት ጀርባውን ሳልለጥፍ ነው። ለጥፎ መፈተሽ ሁለት ጊዜ መሥራት ነው።

ብሎን ስመልስ አንዷ ጠፋች። ወረቀቱ ላይ ቦታዋ ባዶ ነው፣ የላይኛው ረድፍ ሦስተኛዋ። ምንጣፉን በእጃችን ዳበስን፣ ጨርቁን አራገፍን፣ እቴቴ ረከቦቱን ሁሉ አንስታ አየች። ሩብ ሰዓት ፈጀብን። በመጨረሻ ከስልኩ ሳትወጣ አገኘኋት፤ የድምፅ ማጉያው ማግኔት ስቦ ይዟት ነበር። ብሎን ከጠፋባችሁ ከምንጣፉ በፊት እዚያ ፈልጉ።

የጣት አሻራውን ገመድ ሰካሁ፣ ጠርዙን በቀጭኑ ሙጫ ቀባሁ፣ ጀርባውን ዘጋሁ፣ አራት ወፍራም ላስቲክ አሰርኩበት። 24 ሰዓት እንዳይነካ ተባለ። እቴቴ ግን ከሰዓት በኋላ ላስቲኩ እንደታሰረ ስትደውልበት ያዝኳት።

ከዚያ ወዲህ

ሦስት ወር ሆነው። ቁልፉ ይሠራል። ማብሪያው ከፊቱ ትንሽ ጠንከር ያለ ነው፤ ፍሌክሱ ኮፒ ስለሆነ ይመስለኛል፣ እሷ ግን ልዩነቱን አላወቀችም። ጀርባው አንዴ ተከፍቷል፤ እርጥበትን እንደ ድሮው እንደማይመልስ ነግሬያታለሁ። ማንጠልጠያ ያለው የላስቲክ ቦርሳ ገዛሁላት። ሁለት ሳምንት አንጠለጠለችው። ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ስልኩ የስኳር ቆርቆሮው ላይ ተኝቶ ነበር፤ ቦርሳው ውስጥ ደግሞ ዝርዝር ሳንቲም።

ስልክ ቁጥሮቹን አሁን በጉግል አካውንት አስቀምጠንላታል። የዱቤው ፎቶ አልተመለሰም። ከባለዕዳዎቹ ግማሾቹ ራሳቸው እየመጡ ከፈሉ፤ የቀሩትን እሷ በቃሏ ታውቃቸዋለች፣ ሲያልፉ ብቻ ሻይዋን በጉልህ ታማስላለች። ፎርማት ያደረገላት ልጅ አሁንም አሥር ሳምቡሳ ያዝዛል። 400 ብሩን እንድትጠይቀው ነገርኳት። «ተወው፣ ልጅ ነው» አለችኝ። የሱን ሳምቡሳ ግን ከሥር ከሥር፣ ከቀዘቀዘው ነው የምታነሳለት፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስልክ ሲደወልላት ደግሞ ቶሎ አታነሳም። እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች፣ ስልኩን ታያለች፣ ትጠብቃለች። «አንሺው እንጂ» ስላት «ቆይ፣ ትንሽ ይጩህ» ትለኛለች።